የስክሪኑ አውጫጪኝ

ሁለተኛው ቡጢ ቀለመ ወርቅን አፍንጫው ላይ አገኘው። ደሙ ትንሽ ዘግየት ብሎ መጣ፤ ከመጣ በኋላ ግን አገጩን አልፎ የሸሚዙን ደረት አረጠበው። ሁለት ልጆች ክንዶቹን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ይዘውታል። የኮምፒውተር ክፍሉ በር በዴስክ ተደግፏል። ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱት ተማሪዎች ጩኸት ወደ ውስጥ ይሰማል፤ የውስጡ ግን ወደ ውጭ አይሰማም።

«እመን» አለው ፈንታ ቡጢውን እያሻሸ። «አምነህ ተገላገል።»

«ማርያምን አልነካሁትም።»

«ወፍ ነግራናለች እኮ።»

«ወፏ ትምጣና ፊት ለፊት ትንገረኝ።»

ይህ መልስ ሦስተኛውን ቡጢ አስከተለ። የቀለመ ወርቅ ጉልበት ተልፈሰፈሰ፤ የያዙት ልጆች ግን እንዲወድቅ እንኳ አልፈቀዱለትም።

የትናየት ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ቡጢ የሚሰነዝረው ወንድሟ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ የኮምፒውተር ክበቡ ሰብሳቢ፣ መንገድ ላይ ማንም የማይደፍረው ፈንታ። ዓመቱን ሙሉ «እህቱ ናት» ሲሏት ትኮራ ነበር። አሁን ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ ጠፋት።

ጠቡን ያመጣችው መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ናት። ትምህርት ቤቱ ባለበት በወገዳ ከተማ ኔትወርክ አንዴ ከሄደ ለወራት ላይመለስ ይችላል፤ መንገዱም አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍቱም፣ ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችም እዚህች ዕቃ ውስጥ ተጭነዋል። ትንሽ ስክሪን ተለጥፎባታል፤ ተማሪው በተራ እየተቀመጠ ያነባል። ሰኞ ጠዋት ሲከፍቷት ስክሪኗ ነጭ ብቻ ሆነ። ከግድግዳው ቴሌቪዥን ጋር ሲያገናኟት ቴሌቪዥኑም ጥቁር ሆኖ ቀረ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ወር አልቀረውም። ዓርብ ዕለት መጨረሻ ላይ ያነበበው ቀለመ ወርቅ ነበር። ዘንድሮ ከእስቴ መጥቶ አክስቱ ዘንድ ተጠግቶ የሚማር ልጅ ነው። በክበቡ ውስጥ ዘመድ የለውም፤ ዘመድ የሌለውን መምታት ደግሞ ቀላል ነው።

በአገሩ ከብት ሲሰረቅ ወይም የእህል ክምር ሲቃጠል ቀበሌው ሁሉ ሜዳ ላይ አውጫጪኝ ይቀመጣል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ እርሻው የሚሄድ የለም። ሁሉም በየተራው ይምላል። ያየ ሰው ካለ ለዳኞቹ በጆሮ ይነግራል፤ «ወፍ» የሚሉት እሱን ነው፤ ስሙ አይጠየቅም። የክበቡ ጎበዛዝት ይህን የአባቶች ወግ ለስክሪን አዋሉት። ሽማግሎቹ ቢያዩአቸው በሳቅ ይፈርሱ ነበር፣ ደሙን ባያዩ። በእውነተኛው አውጫጪኝ ሰው ይምላል፣ ይከራከራል፣ ፀሐይ ይመታዋል እንጂ እጁን ተይዞ አይደበደብም። እነዚህ ግን መሐላውን ቶሎ ቶሎ ጨረሱት፤ ፈንታ «ወፍ ነግራኛለች» አለ፤ ከዚያ ወዲያ የቀረው ዱላው ብቻ ነበር።

ፈንታ ቀበቶውን ፈታ። መቆለፊያው ከባድ ብረት ነው።

«ፈንታ፣ ተው» አለች የትናየት።

ዞሮ አላያትም። ቀበቶውን በእጁ ላይ ጠቅልሎ ብረቱን በጫፉ በኩል አስቀረውና ሰነዘረ። ብረቱ የቀለመ ወርቅን ቅንድብ ከፈተው። ልጁ አልጮኸም፤ አየር እንዳጠረው ሰው ሁለት ጊዜ አቃሰተና ራሱ ወደ ደረቱ ወደቀ።

«ዓይኑን ነው። ዓይኑን ታጠፋዋለህ» ብላ ሮጣ የወንድሟን ክንድ ያዘች። በክርኑ ገፍቶ ከዴስክ ጋር አላተማት። ያን ጊዜ ከውጭ በሩ መደብደብ ጀመረ። የኮምፒውተር መምህርቷ አዛለች ከዘበኛው ጋር ሆነው ዴስኩን ገፍተው ገቡ።

መምህርት አዛለች ማንንም አልተቆጡም። የልጁን ራስ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ነጠላቸውን ቅንድቡ ላይ ጫኑት። «ጤና ጣቢያ። ተሸክመህ ሂድ» አሉት ዘበኛውን። ከዚያ ቀና ብለው «ማን ነው የመታው?» አሉ። ሁሉም ወለሉን አየ።

«ስክሪኑን ያበላሸው እሱ ነው፣ ቲቸር» አለ ክንዱን ይዘው ከነበሩት አንዱ፣ ዘመኑ የሚባለው።

«የጠየቅሁት እሱን አይደለም። ነገ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባላችሁ። ሁላችሁም። ውጡ።»

ፈንታ ቀበቶውን ሱሪው ላይ እያስገባ ወጣ። ብረቱን በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርገው የትናየት አየችው።

እሷ አልወጣችም። መምህርቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደም የነካውን እጃቸውን ያያሉ።

«አንችም ሂጅ፣ ልጄ።»

«ቲቸር፣ አረንጓዴዋን ይመልከቷት።»

ኮምፒውተሯ ላይ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ። ቀይዋ ኤሌክትሪክ መኖሩን ትናገራለች። አረንጓዴዋ የምትርገበገበው ኮምፒውተሯ ከሚሞሪ ካርዷ ስታነብ ነው። አሁን ትርገበገባለች።

«የተቃጠለ ነገር አያነብም» አለች የትናየት። «ራስዎ ነዎት ያስተማሩን። ስክሪኗ ነው እንጂ የታወረችው እሷ ደህና ናት።»

መምህርት አዛለች ጠጋ ብለው አዩ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «ካርዷን አውጪያትና ከትልቁ ኮምፒውተር እንክፈታት። አንች አውጪያት፤ የኔ እጅ አልታዘዝ ብሏል።»

የትናየት ጥፍር የምታክለውን ካርድ አውጥታ በአሮጌው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ሰካቻት። ትንሿ ኮምፒውተር ስትነሳ መጀመሪያ የምታነበውን የትእዛዝ ጽሑፍ ከፈቱ። መስመር በመስመር ወረዱ። ድራይቨር ማለት ኮምፒውተርን ከስክሪኑ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው፤ ለትንሿ ስክሪን የተጻፈው ድራይቨር በቦታው ተጠርቷል። ከሱ በታች ግን ዓርብ ያልነበረ መስመር አለ። የቴሌቪዥኑን ድራይቨር የሚጠራ ነው።

«ሁለቱ እኩል ይነሳሉ» አሉ መምህርቷ። «አንዱ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥኑ ይጎትታል፣ አንዱ ወደ ትንሿ። በመካከል ምስሉ የትም አይደርስም።»

የትናየት አዲሱን መስመር እንዳይነበብ ዘግታ ካርዷን መለሰች። ስክሪኗ ነጭ ነው። ተስፋ ቆረጠች። መምህርቷ ግን አልቆረጡም፤ «ሁለቱንም ዝጊያቸውና ባዶውን እንይ» አሉ። ሁለቱንም ስትዘጋ ቴሌቪዥኑ ላይ ሻካራ ነጭ ጽሑፍ ፈሰሰ። ኮምፒውተሯ ደህና ናት ማለት ነው። የትንሿን ስክሪን ድራይቨር ብቻ መልሳ ከፈተች። አሁንም ነጭ። ያን ጊዜ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች እንደገና በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። አዲሱ ድራይቨር ሲጫን ትንሿ ስክሪን የምትሠራበትን መስመር ዘግቶት ኖሯል። በአንዲት ቃል። ቃሏን ለወጠች፤ ካርዷን መለሰች፤ አረንጓዴዋ መብራት ተርገበገበች፤ የባዮሎጂው መጽሐፍ ሽፋን ብቅ አለ።

መምህርት አዛለች ሳቁ። ከዚያ እጅጌያቸው ላይ የደረቀውን ደም አዩና ሳቃቸውን ተዉት።

«ሁለተኛውን ማን ጫነው?»

የትናየት ታውቃለች። መስመሩን ባየችበት ቅጽበት ነው ያወቀችው። ቅዳሜ ፈንታ ለአባታቸው መድኃኒት ሊገዛ ንፋስ መውጫ ሄዶ ሲመለስ አንድ ፍላሽ በጣቱ ላይ እያሽከረከረ ነበር። «የቴሌቪዥኑ ድራይቨር ነው። እሑድ ዘበኛው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እገባና ፊልም በትልቁ እናያለን፤ ፋራ ሁላ በዚያች ክብሪት ቀፎ ሲያፈጥ ይኑር» ብሏት ነበር። እሑድ ግን ኩምሽሽ ብሎ ገባ፤ ፊልሙን ብትጠይቀው አልመለሰላትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

«አላውቅም፣ ቲቸር» አለች።

«ይኸውልሽ፣ ስክሪኑ ዳነ ማለት ልጁ ዳነ ማለት አይደለም» አሉ መምህርቷ። «ሁለተኛውን የጫነው እሱ ነው ይላሉ። ካሉ ደግሞ ከትምህርቱ ይባረራል። እስቴ ድረስ በዚያ ዓይኑ።»

እሷና ፈንታ የተከራዩዋት ክፍል ከገበያው ጀርባ ናት። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ምድጃ፣ ከቤት የሚያመጡት ስንቅ የሚቀመጥበት ጆንያ፤ ሌላ ዕቃ የላትም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው አብረው ይወርዳሉ። መንገዱ ገደል ለገደል ነው። አምና ከሠፈራቸው አንዲት ተማሪ ከዚያ መንገድ ላይ ተጠልፋ ቀርታለች። አባታቸው የትናየትን ለትምህርት የለቀቁት ፈንታ ዱላውን ይዞ ከፊቷ ስለሚሄድ ብቻ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል።

ስትገባ ፈንታ መጽሐፍ ይዞ ተቀምጧል፤ ገጹን ግን አይገልጥም።

«ሠራ» አለችው። «ሁለት ድራይቨር ነበረበት። አንዱ ካንተ ፍላሽ የመጣው ነው።»

መጽሐፉን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

«ጎሽ።»

«ፈንታ፣ እያወቅህ ለምን መታኸው? ሌላው ይምታው፤ ሌላው አያውቅም። አንተ ግን እያወቅህ።»

ጥፊው ሲመጣ አላየችውም። ግራ ጆሮዋ ጮኸ። ሁለተኛው ከንፈሯን ከጥርሷ ጋር አጋጨው። ልትወጣ ስትል ጸጉሯን ይዞ ጎተታት፤ ግድግዳው ላይ ወረወራት፤ የወጡ ድስት ከምድጃው ላይ ተገልብጦ ፈሰሰ። ወለሉ ላይ እንዳለች ጎኗን በእግሩ መታት። ከዚያ ድንገት ተዋት። እሱ ራሱ ያለከልክ ነበር።

«ካልመታሁት እኔን ያዩኛላ» አለ። «ገባሽ? ሁሉም እየማለ ሲቀመጥ ዓይናቸው ወደኔ መጣ። ዘመኑ እሑድ ወደ ግቢው ስገባ አይቶኛል መሰለኝ። አንድ ሰው መውጣት ነበረበት።»

የፈሪ ዱላ ሰባት ይላል የአገሩ ሰው። የትናየት ወንድሟን ፈሪ ነው ብላ አስባ አታውቅም። ያን ያወቀችበት ደቂቃ ከከንፈሯም ከጎኗም በላይ አመማት።

«ፈተናው ደረሰ» አለ ፈንታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሥራ ሁለት ዓመት የለፋሁት በአንድ ፍላሽ ሊቀር ነው? እኔ ስባረር ደግሞ አንች የምትቀሪ መስሎሻል? አባባ አንድ ቀን አያሳድርሽም። ማን ያመላልስሻል? የሚቀጥለው ባል ነው። ቀለመ ወርቅ አገሩ ይገባል፣ ለከርሞ እስቴ ይማራል። ለሱ ምኑ ነው?»

የትናየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እውነቱን ነበርና።

ፈንታ ወጥቶ በጣሳ ውሃ ይዞ መጣ። የፎጣውን ጫፍ ነክሮ አጠገቧ ተንበረከከና ከንፈሯን ጠረገላት። እጁ ለስላሳ ነበር፤ ልጅ ሆና ስትወድቅ ጉልበቷን የሚጠርግላት ያው እጅ ነው። «ነገ ሲጠይቁሽ ወድቄ ነው በይ» አላት። ጠላችው፤ እንዲተዋትም አልፈለገችም።

ጠዋት ኮሚቴው እዚያው ኮምፒውተር ክፍል ተቀመጠ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መምህር ዋለ ጠረጴዛው ላይ ወረቀታቸውን ዘርግተዋል፤ መምህርት አዛለች ከጎናቸው ናቸው። የክበቡ ልጆች አግዳሚዎቹን ሞልተዋል። የትናየት ከፈንታ ጎን ናት፤ እሱ ነው ቦታ የያዘላት። ስክሪኗ ላይ የባዮሎጂው መጽሐፍ ይታያል፤ የሚያነበው ግን የለም።

ቀለመ ወርቅ ገባ። አንዱ ዓይኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሌላው አብጦ ስንጥቅ ብቻ ቀርቷል፤ እያየ ይሁን እየዳበሰ አይታወቅም። በበሩ ሲያልፍ ዘመኑ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ዛሬ ካላመንህ መንገድ ላይ እንገናኛለን» ሲለው የትናየት ሰማች።

«ኮምፒውተሯ ላይ ሁለተኛ ድራይቨር ተጭኖ ተገኝቷል» አሉ መምህር ዋለ። «ማን እንደጫነው የምታውቀው ነገር አለ?»

«እኔ ነኝ» አለ ቀለመ ወርቅ።

መምህርት አዛለች ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «አንተ? እንዴት አድርገህ ጫንኸው?»

«በቃ… ነካሁት።»

«ምኑን ነካኸው? ከየት አመጣኸው?»

«ሁሉንም ነካሁት፣ ቲቸር። እኔ ነኝ አልሁ እኮ። ይልቀቁኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ፈንታ አልሳቀም፤ ጉልበቱ ግን የትናየትን ጉልበት ነካ ሲያደርጋት ምን እንደሚላት ገባት። አለቀ፣ ዝም በይ ነው የሚላት።

«ልጁ ካመነ ምን ቀረን?» አሉ መምህር ዋለ፣ ደክሟቸው። እስክሪብቷቸው ከጠረጴዛው ማዶ ነበረና ሊያነሱት እጃቸውን ዘረጉ። ቀለመ ወርቅ የሚመታ እጅ ወደሱ ሲመጣ ያየ መሰለው። ክርኑን ብድግ አድርጎ ራሱን ሸፈነና እንደዚያው ቆመ፤ ማንም ሊመታው አለመሆኑን እስኪያውቅ ድረስ ክርኑን አላወረደም።

የትናየት ገደሉን አሰበች። ስንቁን ማን ያመጣልኛል አለች በሆዷ። አባቷ ምን እንደሚሉ ቃሉን ሳይቀር ታውቃለች። ፈንታ ለፈተናው ሲል ስንት ሌሊት በኩራዝ እንዳነበበ ታውቃለች፤ ኩራዙን ትሞላለት የነበረችው እሷ ናት። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

«ተነስ» አለችው ወንድሟን በሹክሹክታ።

ፈንታ ዴስኩ ላይ አፈጠጠ።

«ፈንታ፣ ራስህ ተነስና ተናገር። እባክህ።»

ጠበቀችው። መምህር ዋለ እስክሪብቷቸውን ከፍተው መጻፍ ጀመሩ። ፈንታ አልተነሳም። ያን ጊዜ እሷ ተነሳች።

«እሱ አይደለም» አለች። ድምጿ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው። «እሱ አይደለም። ሁለተኛውን ድራይቨር እሑድ የጫነው ወንድሜ ነው። ፈንታ። ትናንት ቲቸር ሲጠይቁኝ አላውቅም ያልሁት ዋሽቼ ነው።»

ዘመኑ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ መምህር ዋለ በእጃቸው አስቀመጡት። ቀለመ ወርቅ ድምፁ ወደመጣበት ፊቱን አዞረ፤ በዚያች ስንጥቅ ዓይኑ ማን እንደሆነች ሊለይ ሞከረ።

«ከንፈርሽስ?» አሉ መምህርት አዛለች ቀስ ብለው። «ከንፈርሽን ምን ሆነሽ ነው?»

የትናየት ወደ ወንድሟ አላየችም።

«እሱም ፈንታ ነው» አለች።

መምህርቷ ከጎናቸው ያለውን ባዶ ወንበር ሳብ አድርገው «ነይ፣ እዚህ ተቀመጭ» አሏት። የትናየት ወንበሩን አየችው። ከዚያ ወደ አግዳሚው ተመልሳ ከወንድሟ ጎን፣ በቦታዋ ተቀመጠች። የፈንታ ጉልበት ከጉልበቷ አጠገብ ነበር። አልነካችውም፤ ፈቀቅም አላለችም።